ከ«ዘራፍ» በኋላስ?

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በአርበኞች ቀን መድረክ ላይ ወጥቼ ፎክሬያለሁ። ጎፈሩ ከበግ ቆዳ፣ ጠመንጃው ከእንጨት ነበር። «ዘራፍ!» እያልኩ ወዲያ ወዲህ ስንጎራደድ ጭብጨባው ቀለጠ። ስወርድ አንድ አዛውንት ጠሩኝና «ጎበዝ! ለመሆኑ የት ዘምተህ ነው?» አሉኝ። የት ብዬ ልንገራቸው? ተሽኮርምሜ አለፍኩ።

ጥያቄያቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። የጥንቱ ፎካሪ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን ጦር ሜዳ እየጠራ ነው የሚንጎራደደው። የሚሰሙት ደግሞ አብረውት የዘመቱ ናቸው፤ ያልሠራውን ቢያወራ እዚያው ያፍራል። ፉከራ በእግርና በትከሻ የሚነገር ምስክርነት ነበር። እኛ ጩኸቱን ወስደን ምስክርነቱን ጣልነው።

እስኪ ሰሜን ሸዋን እንይ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በኃይለማርያም ማሞ ስም የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት አለ። ሰውየው ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጫጫ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚገሰግሰውን የጣሊያን ጦር አድፍጠው መቱት፤ ከጠላት ወገን ወደ 170 የሚጠጉ ቅጥር ወታደሮች ወደቁ። በማግስቱ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። እሳቸው ግን አልተበተኑም፤ በ1930 ዓ.ም. እስኪወድቁ ተዋጉ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቀኑን፣ ቦታውንና ስሙን ይዞ ቢፎክርበት ከመጽሐፉ ይልቅ አይረሳውም።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን ግማሹን ብቻ አስተማርን ማለት ነው። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዘረት በተባለ ቦታ፣ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር የነበሩ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና ቁስለኞች ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ነበር። የጣሊያን ጦር ከቦ የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ እጃቸውን ከሰጡትም ብዙዎቹን ረሸነ። ለዚህ የሚፎከር ፉከራ የለም። ያለው ለቅሶ ነው፤ ደረት መምታት፣ ወገብ ይዞ መወዛወዝ፣ ሙሾ ማውረድ። ይህም የሰውነት እንቅስቃሴ ነው፤ ይህም የእኛው ነው። ለምን መድረክ ላይ አይወጣም?

«በዓሉን ለቅሶ ቤት ልታደርገው ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጠላት በር ላይ ነበር። ያኔ ሽለላና ቀረርቶ ሕዝብ መቀስቀሻ ነበሩ፤ ዓላማቸውም ማዝመት ነው። የታሪክ ክፍለ ጊዜ ዓላማ ሌላ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲዘምት አንፈልግም፤ እንዲያውቅ ነው የምንፈልገው።

ደግሞ የሰሜን ሸዋ ልጅ ጦርነትን በወሬ ብቻ አያውቀውም። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ውጊያው ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን ብዙ ተፈናቃይ ተቀብላለች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ተኩስ ሰምቶ ያደረ ልጅ ጠዋት እንጨት ጠመንጃ አስይዘን «ዘራፍ በል» ስንለው ምን እያስተማርነው እንደሆነ ማሰብ አለብን።

እኔ አስተማሪ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ልጆቹ የሚፎክሩለትን ሰው ራሳቸው ያጥኑ፤ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር? አያት ያለው አያቱን ይጠይቅ። ቀጥሎ ያንን ይዘው ይፎክሩ፤ እስክስታውም ይድመቅ፣ አንገትና ትከሻ ይናገር። ከዚያ ከበሮው ይቁምና ዋሻው ይምጣ። ፎካሪው ጠመንጃውን አስቀምጦ ከአልቃሾቹ መሀል ይግባ።

ያን ቀን ከመድረክ የሚወርድ ልጅ «የት ዘምተህ ነው?» ቢባል መልስ አያጣም። «እኔ አልዘመትኩም፤ የዘመቱትንና ያለቁትን ግን አውቃለሁ» ይላል።