ስለ ጾመ ሕርቃልና ስለ ኀጢአት ሥርየት

የዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት ሁለት ስም እንዳለው ካህናቱ ያውቃሉ፤ አንዱ ዘወረደ፣ ሁለተኛው ጾመ ሕርቃል ይባላል። ከምእመናን ግን ብዙዎች ይህን ሁለተኛውን ስም እየሰሙ፣ ሕርቃል ማን እንደ ነበረና ስለምን በባዕድ ንጉሥ ስም እንደምንጾም ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ነገሩ ለትንሣኤ በምንዘጋጅበት ወራት ልንመረምረው የሚገባ ስለ ሆነ፣ በዚህች የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ታሪኩን እናወሳለን፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሕርቃል ከ610 እስከ 641 በቍስጥንጥንያ የነገሠ የሮም ንጉሠ ነገሥት ነው። በ614 የፋርስ ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ያዘ፤ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ ፓትርያርኩን ዘካርያስንና የጌታችንንም መስቀል ማርኮ ወሰደ። ሕርቃል በ622 ዘምቶ በ627 በነነዌ አጠገብ ድል አደረገ፤ መስቀሉም በ630 ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ።

በአባቶቻችን ትውፊት የኢየሩሳሌም ምእመናን ፋርስን ተበቀልልን ብለው ንጉሡን ለመኑት፤ እርሱ ግን ነፍስ የገደለ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ይጹም የሚለውን ሥርዓት ፈርቶ አመነታ። እነርሱም ጾሙን ተካፍለው ሊጾሙለት ተስፋ ሰጡት። በ10ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያ መለካውያን ፓትርያርክ ሰዒድ ኢብን በጥሪቅ በዐረብኛ የጻፈው ታሪክ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ሕርቃል ለገሊላ አይሁድ እንዳይነካቸው በጽሑፍ ምሎላቸው ነበር፤ ኢየሩሳሌም በገባ ጊዜ ክርስቲያኖቹ ከፋርስ ጋር ሆነው ፈጅተውናልና ግደላቸው አሉት። መሐላዬስ ቢላቸው፣ ኀጢአቱን እኛ እንሸከማለን፤ አንድ ሳምንትም እንጾምልሃለን አሉት። እርሱም ሰምቶ ብዙዎችን አስገደለ።

እንግዲህ ሊፈስስ ላለ ደም አስቀድሞ የተቈረጠ ጾም ሥርየት ይባላልን? እኔ አይባልም እላለሁ። ንስሐ ከኀጢአት በኋላ በተሰበረ ልብ የሚመጣ ነው እንጂ፣ ኀጢአትን ለመሥራት የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ስለ ሌላው መጾምና መጸለይ የፍቅር ሥራ ነው፤ ሌላው እንዲገድል ብሎ መጾም ግን ከገዳዩ ጋር መተባበር ነው።

ደግሞም የስምንት ሳምንት ጾም ከሕርቃል በፊት የታወቀ ነበር። ኤገርያ የምትባል ተሳላሚ ሴት በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኢየሩሳሌም ስምንት ሳምንት ሲጾም አይታ ጽፋለች፤ ቅዳሜና እሑድ ስለማይቈጠሩ፣ ከቀዳም ሥዑር ጋር 41 ቀን ይሆናል ትላለች። የአርባው ቀን ስም በ325 በተደረገው በኒቅያ ጉባኤ ቀኖና ተጠቅሷል፤ ለእኛ አባ ሰላማን የሾመልን አትናቴዎስም ግብጻውያን ከሌላው ክርስቲያን ተለይተው እንዳይቀሩ ይህንኑ አርባ ቀን እንዲጾሙ በጥብቅ አሳስቧል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት የንጉሡን ስም ቢይዝም፣ ሥሩ የንጉሡ አይደለም።

ዘወረደ የሚለው ስም የተገኘው ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ ነው፤ ከላይ የወረደውን ወልድን ያመለክታል። ሁለቱን ስሞች አጠገብ ለአጠገብ ላደረገ ሰው ልዩነቱ ይታየዋል። በአንደኛው ሕዝብ የንጉሥን ደም እንሸከማለን አለ፤ ያን መሸከምም አልቻለም። በሁለተኛው ንጉሥ የሕዝብን ኀጢአት ሊሸከም ወረደ፤ በመስቀልም ተሸከመው። ጾማችን ይህን ካሣ አይተካም፤ ለመቀበል ያዘጋጃል እንጂ።

55ቱ ቀን ሊፈጸም ሲል በስቅለት ዓርብ የምንሠራው ሥርዓትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ስግደቱ ካለቀ በኋላ ምእመናን ተራ በተራ ወደ ካህኑ ይቀርባሉ፤ እርሱም ጀርባቸውን በወይራ ቅጠል እየጠበጠበ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ስግደት ያዝዛል። ባለጠጋውም ሹሙም ድኻውም የታዘዘውን ቈጥሮ ራሱ ይሰግዳል።