ስለ አየር ጉርብትና

ሰው ተጎራብቶ ሲኖር የጠቡ ምክንያት ብዙ ጊዜ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ይኸውም ድንበር፥ አጥር፥ ወይም የመስኖ ውሃ ነው። ራዲዮ ከመጣ ወዲህ ግን የማይታይ ድንበር ተጨመረ። በጎንደር ከተማ አንዱ ጎረቤት ብየዳ ሲጀምር የሌላው ራዲዮ ቢንጫጫ፥ የተጣሰው ድንበር የት እንደ ሆነ ለሽማግሌ ማሳየት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የራሱ ታሪክ አለው።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው፥ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያዎች በተቻለ መጠን አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያውክ ተስማሙ። ነገር ግን ስምምነት ብቻውን አልበቃም። በኤፕሪል 14 ቀን 1912 ሌሊት ካሊፎርኒያን የተባለችው መርከብ በበረዶ ተከባ መቆሟን በአቅራቢያዋ ለነበረችው ለታይታኒክ ልትነግር ሞከረች። የቅርቡ ድምፅ እጅግ ስለ በረታበት፥ ከሩቅ የየብስ ጣቢያ ጋር ይላላክ የነበረው የታይታኒክ ሠራተኛ ዝም እንዲል ነገረው። ያም ጥቂት ቆይቶ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ወዲያው ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨች፤ የድረሱልኝ ጥሪዋንም የቅርብ ጎረቤቷ አልሰማችም። 1,500 ያህል ሰዎች አለቁ። ጎረቤትን ዝም ማሰኘት መፍትሔ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በኢትዮጵያም የራዲዮ ነገር እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በተጀመረ ጊዜ የአገራችን አቤቱታ ለዓለም ከተሰማባቸው መንገዶች አንዱ የአቃቂ ጣቢያ ነበረ። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከጠላት እጅ ከወጣች በኋላ፥ የአዲስ አበባ ድምፅ ወደ እርስዋ ለመድረስ ብዙ ተራራ መሻገር ነበረበት። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከሰማዩ ንብርብር ተመልሶ ስለሚወርድ የስሜን ገደል አያግደውም። ሆኖም ከሩቅ ደክሞ የደረሰውን ድምፅ የጎረቤት ትንሽ ብልጭታ ትሸፍነዋለች። ስለዚህ መብራት ባልገባበት የደባርቅና የዳባት ገጠር በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትራንዚስተር ጠርቶ ሲሰማ፥ መብራት የገባለት ከተሜ ግን ጩኸት ይሰማል።

ጩኸቱ የሚወለደው ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፤ በሞተር ካርቦን፥ በብየዳ፥ በመኪና ካንዴላ ዘንድ ይገኛል። በ1934 እንደ ፈረንጆቹ ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ይህን ሁከት የመለካትና የመወሰን ሥራ ጀመረ። መድኃኒቱም በሚያውከው መሣሪያ ላይ የሚገጠም ኮንደንሰር ነው፤ ከምንጩ የተገታ ሁከት ለጎረቤቱ ሁሉ ዕረፍት ነውና።

መንግሥታትም እንዲሁ ጎረቤታሞች ናቸው። መካከለኛ ሞገድ በሌሊት ድንበር ስለሚሻገር በ1975 ጄኔቭ ላይ ጣቢያዎቹን በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ደለደሉ። ፋና ኤፍ ኤምም በአዲስ አበባና በጎንደር በአንድ ቍጥር፥ በ98.1 ሲያሰራጭ የማይጋጨው፥ የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድና ርቀቱና ተራራው አጥር ስለሚሆኑት ነው።

በአማራ አገር ገበሬ መስኖ ሲጋራ «የውሃ አባት» ይመርጣል፤ እርሱም ውሃውን በተራ ያከፋፍላል። አየሩም እንዲሁ የጋራ ነው፤ አባት ይሻል። በጎረቤታሞች መካከል ግን የመጀመሪያው ዳኛ ራስ ነው። ራዲዮውን በባትሪ እያሠሩ የቤትን መብራት ከቆጣሪው ማጥፋት ነው፤ ጩኸቱ ከቆመ ጥፋቱ የራስ ቤት ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ፥ ይህን ሳይመረምሩ ጎረቤትን መክሰስ ያሳፍራል። ካልቆመ ግን ራዲዮውን ይዞ ወደ ጎረቤት መሄድና አብሮ ማዳመጥ ይገባል። የማይታየውን ድንበር ሁለቱም በጆሯቸው ከሰሙት፥ ሽማግሌ የሚፈርደው ነገር ይቀላል።