ሽፍታ

በወሎ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የቦረና ደጋ ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። «ሸፈተ» ሲባል ለእኔ ቶሎ የሚታየኝ እንዲህ ያለ ገደል ነው። «ሌባ» የጠባይ ስም ነው፤ «ሽፍታ» ግን የዕድሜ ምዕራፍ ይመስላል፤ መግቢያም መውጫም አለው። ጎልማሳው በመሬት ወይም በደም ተጣልቶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ቆላ ይወርዳል። ዓመታት ያልፋሉ፣ ጉልበት ይደክማል፣ ሽማግሌ ይላካል፤ ያን ጊዜ «ገባ» ይባላል። ግሡ ወንጀሉን አያነሳም፤ ቤት መመለሱን ብቻ ነው የሚናገረው።

አንዳንዱ ደግሞ የሚገባው ቤቱ ሳይሆን ቤተ መንግሥት ነው። በቋራ በረሃ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ በ1860 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ላይ ሞተ። ከዘውዱ በኋላ ማን ደፍሮ «ሽፍታው» ይበለው? ዛሬማ ቃሉ ለምዶ ቤት ገብቷል፤ «ልቡ ሸፍቷል» የሚባለው ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ባል ነው።