ከሰፈር ዳር የበቀለች ችግኝ

ሰው ከአገር አገር ሲዘዋወር ዘርም አብሮት ይጓዛል። አንዳንዱን ዘር በጨርቅ ጫፍ ቋጥሮ፣ አስቦበት ይወስደዋል፤ አንዳንዱ ግን ሳይጠራ ይከተለዋል። በዚህ እትም የምናቀርበው ሳይጠራ ተከትሎ በኋላ ግን ተፈላጊ የሆነውን የካናቢስን ታሪክ ነው። ሐሺሽ፣ ጋንጃ፣ በስዋሂሊ ባንጊ፣ በሱዳን ባንጎ የሚባለው ይኸው ተክል ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን።

ርእሱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። በካምፓችን ስለዚህ ተክል የሚወራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን የሰይጣን ቅጠል ነው ይላል፤ ሌላው ወገን ከሰማይ የወረደ መድኃኒት ያደርገዋል። በመካከል የሚጎዳው ግን ከመጠለያው ጀርባ አንዲት ችግኝ አብቅሎ፣ ምን እንዳበቀለ በውል ያልተረዳው ወጣት ነው።

ዘሩ ከማሽላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በተዘራ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ሁለት ክብ መሰል ቅጠሎች ያወጣል፤ ቀጥሎ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ አንድ ጥንድ ነጠላ ቅጠሎች፤ ከዚያ ባለ ሦስት ጣት፣ ባለ አምስት፣ ባለ ሰባት እያለ ይሄዳል። ፀሐይ ይወዳል፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት አይስማማውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያፋፋው ፍግና ጥራጊ ያዳበረው አፈር ነው።

ለታሪኩ ቁልፍ የሆነው ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ነው። በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰበው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ በቮልጋ አካባቢና በአልታይ ተራሮች ሳይዘራ የበቀለውን ካናቢስ መርምሮ ነበር። ተክሉ ሰው በሰፈረበት ዳር፣ ከጥራጊ ክምር አጠገብ እንደሚበረክት አስተዋለ። እንደ እርሱ አስተያየት ሰው ተክሉን ከመፈለጉ በፊት ተክሉ ሰውን ተከትሏል። ዘላኖች ሰፍረው ሲነሡ የዳበረ አፈር ትተው ይሄዳሉ፤ ችግኟ በዚያ ትበቅላለች፤ ሲመለሱ ደርሳ ያገኟታል። በ2021 የታተመ የዘረ መል ጥናት ደግሞ ተክሉ ከ12,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ እስያ መልመድ እንደጀመረ አመልክቷል። የዓለምን ዘር ሲሰበስብ የኖረው ቫቪሎቭ ራሱ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ።

ሰው ከዚህች ችግኝ ሦስት ነገር አገኘ፤ ቃጫ፣ ቅባት ያለው ፍሬና የሚያሰክር ሙጫ። ቃጫ የሚፈልግ ገበሬ ዘሩን አጠጋግቶ ይዘራል፤ ችግኞቹ ለብርሃን ሲሽቀዳደሙ ቅርንጫፍ ሳያወጡ ቀጥ ብለው ይረዝማሉ። ሙጫ የሚፈልግ አራርቆ ይተክላል፤ ተክሉም በየጎኑ ይንሰራፋል። በብዙ ትውልድ ምርጫ ዘሮቹም ተለያዩ። ይሁን እንጂ የዘራቸውን ሰው ሳይጠይቁ ሁለቱን ችግኞች በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው።

ሁለቱም ጥቅም ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሄሮዶቱስ፣ እስኩቴሶች በትንሽ ድንኳን ውስጥ ዘሩን በጋለ ድንጋይ ላይ እየጣሉ በጢሱ ይታጠኑ እንደነበር፣ ጥራቅያውያን ደግሞ ከቃጫው ልብስ ይሠሩ እንደነበር ተርኳል። ብዙዎች ተረት መስሏቸው ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ግን በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ቦታ በተቆፈረ መቃብር ውስጥ ድንጋይና የካናቢስ ዘር የያዘ የመዳብ ዕቃ ተገኘ።

ቃጫው የመርከብ ገመድና ሸራ ሆኖ ዓለምን ዞሯል። እኛ ሸራ የምንለውን እንግሊዞች «ካንቫስ» ይሉታል፤ ይህም ቃል ከካናቢስ ስም የወጣ ነው። ዛሬ የድንኳን ሸራ የሚሠራው ከጥጥ ወይም ከፕላስቲክ ነው፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። በድንኳን ሥር ያደርን ሁሉ ከዚህ ተክል ጋር ቢያንስ በስም ተዛምደናል ማለት ነው።

ወደ አፍሪቃችን የመጣበትን መንገድም ቃል ይመሰክራል። የስዋሂሊው «ባንጊ» ከሕንዱ «ባንግ» የተወረሰ ነው፤ የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ያመጣው ነው ማለት ነው። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በበጌምድር፣ ላሊበላ ከሚባል ዋሻ (ከታወቁት አብያተ ክርስቲያናት የተለየ ነው) ተቆፍረው የወጡ ሁለት የሸክላ ጋያዎች ተመርምረው፣ በ1320 ገደማ የነበሩና የካናቢስ ርዝራዥ ያለባቸው መሆኑ በ1975 ታትሟል። በ1609 መጽሐፉን ያሳተመው ፖርቱጋላዊው መነኩሴ ዡዋው ዶሽ ሳንቱሽ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ አፍሪቃ ሰዎች ቅጠሉን አድርቀው፣ ወቅጠው ይበሉት እንደነበር ጽፏል።

እዚህ ላይ የገበሬዎቻችን ድርሻ መዘንጋት የለበትም። ተክሉ የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ነው። የሰሜን አገር ዘር፣ ቀንና ሌሊቱ እኩል ወደሆነበት ወደ ምድር ወገብ ሲመጣ ገና ችግኝ ሳለ አብቦ ይቀራል። ለዚህ ምድር የሚስማማ ዘር የተገኘው ያገሬው ሰው በየዓመቱ እየመረጠ በማቆየቱ ነው።

ሕጉ ግን በሌላ ስፍራ ተጻፈ። እንግሊዞች በሕንድ ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1894 ባቀረበው ዘገባ በልክ የሚወስድ ሰው ያን ያህል ጉዳት እንደማያገኘው፣ ከልክ ያለፈ ግን እንደሚጎዳ ገለጠ። በ1925 በጄኔቭ በተፈረመው የኦፒየም ስምምነት ካናቢስ የገባው የግብፅ መልእክተኛ ሐሺሽ አገራቸውን እየጎዳ መሆኑን አስረድተው አጥብቀው በመጠየቃቸው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1937 በከባድ ቀረጥ እርሻውን አዳከመ፤ ጃፓን ፊሊፒንስን ይዛ የገመድ ቃጫ ሲቋረጥበት ግን በ1942 ለጦርነቱ ዝሩ እያለ ለገበሬዎች ፊልም አሳየ። ተክሉ ያው ነበር፤ የተለወጠው የመንግሥቱ ችግር ነው።

በ1961 የወጣው የዓለም ስምምነት ካናቢስን እጅግ ብርቱ ቁጥጥር ካለባቸው ዕፆች ጋር መደበው፤ ለቃጫና ለፍሬ የሚዘራውን ግን ከቁጥጥሩ ውጭ አደረገ። በ2017 ሌሶቶ ለመድኃኒት የሚያመርቱ ድርጅቶችን ፈቀደች። በ2018 የደቡብ አፍሪቃ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ለራሱ ብቻ፣ በግል ስፍራው ማብቀሉ ወንጀል አይደለም ሲል ወሰነ። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ኮሚሽን በ27 ድምፅ ለ25 ከብርቱው ሰንጠረዥ አወጣው፤ ይሁንና በቁጥጥር ሥር እንዳለ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሱዳን ለማጨስ የሚሆነውን ካናቢስ ማብቀል ዛሬም ወንጀል ነው። የ1951 የስደተኞች ስምምነት ደግሞ በሁለተኛው አንቀጹ ስደተኛ ያስጠለለውን አገር ሕግ ማክበር እንዳለበት ይደነግጋል። ደቡብ አፍሪቃዊው በግቢው የተፈቀደለት፣ ባለ ኩባንያው በሌሶቶ ተራራ የሚነግድበት ተክል፣ እዚህ በእኛ እጅ ሲገኝ እስር ያስከትላል። ያገሬው ሰው ተፈርዶበት ቅጣቱን ሲጨርስ የሚመለስበት ቤት አለው። እኛ ያለን አንዲት የስደተኛ ወረቀት ናት፤ ከዚያች ወረቀት ደግሞ የእናትም፣ የሕፃናትም ስም አለበት።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንለው ይህ ነው። ችግኟ ሰይጣንም መልአክም አይደለችም። ገመድ፣ መድኃኒት ወይም የክስ ማስረጃ የሚያደርጋት የሚዘራት እጅና የምትበቅልበት አገር ሕግ ነው። ነገሩን በወሬ ሳይሆን በታሪኩ መዝኑት፤ የእኛን ድርሻ የሚወስነውም ያለንበት ምድር ሕግ መሆኑን አትርሱ።

እናቶችና አባቶች ደግሞ ቋጥራችሁ ያመጣችሁት የጎመን፣ የበርበሬ፣ የበሶብላ ዘር ይኖራችኋል። ከየት እንደመጣና በዚህ አሸዋ እንዴት እንደያዘላችሁ ብትነግሩን፣ በሚቀጥለው እትም በስማችሁ እንጽፈዋለን።