«ተርኒንግ ስፔስ»፦ የዊልቸር መዞሪያ

በሕንፃ ንድፍ ሥራ «ተርኒንግ ስፔስ» የሚባለው በዊልቸር የሚሄድ ሰው ባለበት ዞሮ ለመመለስ የሚያስፈልገው ባዶ ወለል ነው። በአማርኛ «የዊልቸር መዞሪያ» ብንለው ይበቃል፤ አዲስ አበባ ውስጥ 18 ማዞሪያ የሚባለውን ሰፈር ለሚያውቅ የኮልፌ ሰውም እንግዳ አይሆንበትም። ልኩ ከዳር እስከ ዳር 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ነው። አይኤስኦ 21542 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ሆነ የአሜሪካ መለኪያ በዚሁ ልክ ገደማ ነው።

ቃሉ በጣም የሚያስፈልገን ካፌ፣ ሆቴል ወይም የገበያ ሕንፃ ሲታደስ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ መስታወትና ቧንቧ በኋላም ይቀየራሉ። መዞሪያውን የሚወስነው ግን ግድግዳው ነው፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ እሱን ማፍረስ ሥራውን እንደ አዲስ መጀመር ነው። እያንዳንዳቸው 90 ሳንቲ ሜትር የሚሰፉ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሽንት ቤቶች ካሉ፣ መሐል ያለውን ግድግዳ አንስቶ አንድ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ ይሆናል።

በሩ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ኖሮት ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር መዞሪያውን ይሻማል፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅም ረዳት እንዳይገባ ያግዳል። መቀመጫው ከወለል ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ከዊልቸሩ ጋር ስለሚቀራረብ መሻገር ይቀላል። የመደገፊያው ብረት የሰውን ሙሉ ክብደት ይሸከማልና፣ የሚታሰርበት ብሎኬት ውስጡ በኮንክሪት ይሞላ።

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። አለርት ሆስፒታል ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረው እዚሁ ዘነበወርቅ አካባቢ ነው። ደዌው የእጅ ነርቭን ሲጎዳ ጣት ይታጠፋል፣ ሙቀትም አይሰማም። እንዲህ ያለ እጅ ላለው ሰው ክብ የበር እጀታና የሚጠመዘዝ ቧንቧ አይመቹም፤ በክንድ ተገፍቶ የሚከፈት ረጅም እጀታ ይሻለዋል። ሙቅ ውሃ ካለም እንዳያቃጥል ሙቀቱ ይገደብ።

ሕግም ይህን አልዘነጋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያለው ለእነሱ እንዲዘጋጅ ደንግጎ ነበር። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

እድሳት የጀመራችሁ የኮልፌ ነጋዴዎች፣ ሴራሚክ ከመግዛታችሁ በፊት የ150 ሳንቲ ሜትሩን ክብ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩት። ግድግዳ ወይም የበሩ መዝጊያ ከገባበት ንድፉን አስተካክሉ። ሥራው ካለቀ በኋላም መዞሪያውን የባልዲና የመጥረጊያ ማስቀመጫ አታድርጉት።