«የሙከራ ጊዜዎ አልቋል» የሚለው መልእክት ከየት መጣ?

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ ያወረድኩት ሶፍትዌር የሙከራ ጊዜው አለቀ፤ ክራክ ይኖርዎታል?» መልሱን ከመስጠቴ በፊት ታሪኩን ላውጋችሁ። ይሄ ነገር ሲጀመር እኮ ቁልፍ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1982 ነው። የአይቢኤም ፒሲ ገበያ ላይ ከዋለ ገና ዓመቱ ነው። ያኔ ሶፍትዌር በካርቶን ታሽጎ ሱቅ ውስጥ ይሸጥ ነበር፤ ገዢው ሳይሞክር ይከፍላል። ካሊፎርኒያ የሚኖረው አንድሪው ፍሉግልማን ኮምፒውተሮችን በስልክ መስመር የሚያገናኝ «ፒሲ-ቶክ» የተባለ ፕሮግራም ጻፈና ሌላ መንገድ መረጠ። ፕሮግራሙ ከጠቀማችሁ 25 ዶላር እንድትልኩለት ይጠይቃል፤ ላካችሁም አልላካችሁም ግን አባዝታችሁ ለሰው እንድትሰጡ ያበረታታል። በቃ፣ ይኸው ነው!

በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ግዛት የአይቢኤም ሠራተኛ የነበረው ጂም ክኖፍ «ፒሲ-ፋይል» የተባለውን የመረጃ ማደራጃ ፕሮግራሙን በተመሳሳይ መንገድ ማደል ጀመረ። ሥራውን የጀመረው ለቤተ ክርስቲያኑ የአድራሻ ዝርዝር ብሎ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ ያገናኛቸው የሁለቱም ፕሮግራም የደረሰው አንድ ተጠቃሚ ነው።

በ1983 ደግሞ ከማይክሮሶፍት የወጣው ቦብ ዋላስ «ፒሲ-ራይት» የተባለ የጽሑፍ ፕሮግራም ይዞ መጣ። «ሼርዌር» የሚለው ስም የታወቀው በእሱ ነው። ከፍሎ የተመዘገበ ሰው ያባዛው ኮፒ ሌላ ከፋይ ካመጣ 25 ዶላር ኮሚሽን ያገኝ ነበር። አያችሁ? ኮፒ የሚያደርገው ሰው የሽያጭ ወኪል እንጂ ሌባ አልነበረም።

ታዲያ ቁልፉ ከየት መጣ? ብዙው ሰው ተጠቅሞ ዝም አለ። ጸሐፊዎቹም መጀመሪያ ማስታወሻ፣ ቀጥሎ የቀን ገደብ አስገቡ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተከፈተበትን ቀን ኮምፒውተሩ ውስጥ ደብቆ ይመዘግባል። ሰዉ ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሰ። ፕሮግራሙም በመጨረሻ የተከፈተበትን ቀን መያዝ ጀመረ። እንዲህ እያለ የድመትና የአይጥ ጨዋታ ሆነ። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ በ30 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ወይም በስልክ እንዲረጋገጥ ግድ አለ። ዛሬ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከሩቅ ሰርቨር ላይ ስለሚያጣሩ ሰዓት መመለስ አያዋጣም።

የድሮውን መንፈስ ያስቀረው ሁላችሁም የምታውቁት ዊንራር ነው። የሙከራ ጊዜው 40 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ «ግዙኝ» እያለ ይለምናል እንጂ አይዘጋም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። መክፈል የሚፈልግ ሰው እንኳ ኪሱ ባለው ብር ውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ በቀላሉ መክፈል አይችልም። ክራክ ልማድ የሆነው ሁሌ በስስት አይደለም፤ ይሄን አልክድም። ግን ክራክ ነጻ አይደለም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዝዛችሁ «አንቲቫይረሱን አጥፉት» ብሎ ነው። ዘበኛውን አሰናብቶ በር የሚያስከፍት እንግዳ ምን ይዞ እንደሚገባ ማን ያውቃል? የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ያለው እኮ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው። በዚያ ላይ የቅጂ መብት አዋጃችን ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ሥራችሁን ሌላ ፕሮግራም በሚከፍተው ፎርማት አስቀምጡ። የተማሪ ዋጋ ወይም ተጨማሪ ቀን እንዳለ ለአምራቹ ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ካልሆነ አጥፉትና ነጻውን ያዙ፦ ለታሸገ ፋይል ሰቨን-ዚፕ፣ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለስታቲስቲክስ አር። እነዚህ ቀን አይቆጥሩባችሁም።

ከእናንተ መካከል ዛሬ ራሳችሁ ሶፍትዌር የምትጽፉ አላችሁ። ሥራችሁ ያለ ክፍያ ሲባዛ የሚሰማችሁን ታውቁታላችሁ። እነ ፍሉግልማን የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፦ የጠቀማችሁን ሰው አስቡት። ቁልፉን ያመጣው እሱን የዘነጋነው ብዙዎቹ ነን።

እናንተስ? ቀኑ ያለቀበት ፕሮግራም ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? የምታውቁት ጥሩ ነጻ ፕሮግራም ካለ ከታች ጻፉልን፤ ለሌላውም ይጠቅማል።