በቡሄ ማለዳ የጠቆረችው ፀሐይ

መቅደላ በወደቀች በአራተኛው ወር፣ ነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ፀሐይ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እንደ ወትሮዋ አልወጣችም። ቀኑ ቡሄ ነው። የጨረቃ ጥላ ጉዞውን በማለዳ ከሐበሻ ምድር ጀምሮ፣ ባሕሩን ተሻግሮ በየመኗ ኤደን፣ በሕንድና በሲያም በኩል ወደ ምሥራቅ ገሰገሰ። ወሎ ገና በአፄ ቴዎድሮስ ሞትና በእንግሊዝ ጦር ዘመቻ ማግስት ላይ ነበረች። ሰማዩን በመሣሪያ የሚመረምሩት ሊቃውንት ግን ድንኳናቸውን የተከሉት ከባሕር ማዶ ነው።

ከእነሱ አንዱ ፈረንሳዊው ፒየር ዣንሰን፣ ሕንድ ውስጥ ጉንቱር በምትባል ከተማ ሆኖ ብርሃንን በየቀለሙ የሚበትነውን ስፔክትሮስኮፕ ወደ ግርዶሹ አነጣጠረ። በጠቆረችው ፀሐይ ጠርዝ ላይ የሚንቦገቦጉት ቀያይ ነበልባሎች ጋዝ መሆናቸውን፣ በተለይም ሃይድሮጅን እንዳለባቸው፣ የብርሃናቸው መስመሮች ነገሩት። መስመሮቹ እጅግ ደማቅ ስለነበሩ ዣንሰን ግርዶሹ ካለፈ በኋላም ሊያያቸው እንደሚችል ገመተ፤ በማግስቱ ሞከረው፣ አያቸውም።

በጥቅምት 1861 ደግሞ ኖርማን ሎክየር የተባለ እንግሊዛዊ ከዣንሰን ጋር ሳይመካከር በራሱ መንገድ ወደዚያው ግኝት ደረሰ። ሎክየር እንጀራው በጦር ሚኒስቴር ጸሐፊነት ነበር፤ ሰማይን የሚመለከተው በትርፍ ጊዜው ነው። የጦር አዛዡን ናፒየርን ወደ መቅደላ ያዘመተው መንግሥት አንዱ ጸሐፊ ፀሐይን ሲመረምር መገኘቱ የታሪክ ቀልድ ይመስላል። በነበልባሎቹ ብርሃን ውስጥ ከታወቀ ንጥረ ነገር ጋር የማይገጥም ቢጫ መስመር ነበር። ሎክየር አዲስ ንጥረ ነገር ነው አለ፤ ብዙዎች አላመኑትም። ሂሊየም የተባለው ይህ ንጥረ ነገር ግን ከ27 ዓመት በኋላ በዚሁ ምድር ላይ ተገኘ።

ዛሬ አማተሮች የሚጠቀሙበት የፀሐይ ቴሌስኮፕ ነበልባሎቹን ያለ ግርዶሽ የማየት ግኝት ልጅ ነው። ማጣሪያው ከፀሐይ ብርሃን የሚያሳልፈው 656 ናኖሜትር ላይ ያለውን ቀይ የሃይድሮጅን መስመር ብቻ ነው፤ ስፋቱ የአንድ ናኖሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ተመልካቹ የአካባቢው ብርሃን እንዳይረብሸው ጨርቅ ይከናነባል፤ ወፈር ያለ ጋቢም ያገለግላል። ዓይኑ ሲለምድ ደም የመሰለ ክብ ይታየዋል፤ በጠርዙ ላይ መሬትን ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበልባል እንደ ቅስት ቆሟል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢመለስ ቅርጹ ተለውጦ ሊያገኘው ይችላል።

ዋጋው ግን ለብዙዎች የሚቀመስ አይደለም። በርካሹ መንገድ የባይኖኩላርን አንድ ዓይን ከድኖ በሌላው የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ጋሊሊዮ ነጠብጣቦቿን የነደፈው በቴሌስኮፕ፣ በተመሳሳይ ዘዴ ነው። በባይኖኩላሩ ወደ ፀሐይ መመልከት ግን ዓይን ያጠፋል። የራጅ ፊልምና ጥላሸት የተቀባ መስታወትም አይከላከሉም።

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማም ለፀሐይና ለሰዓት ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔቶች በቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ይጠሩ ነበር። የግእዝ ብራናዎችም ሰው የራሱን ጥላ በጫማ እየለካ የቀኑን ሰዓት የሚያውቅበትን ሠንጠረዥ በየወሩ ከፋፍለው አስቀምጠዋል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ቀለበታዊው ግርዶሽ ላሊበላ ላይ ሲያልፍ፣ በሐይቅ ሰማይ ደግሞ ቀለበቱ ሳይሟላ አብዛኛው የፀሐይ ገጽ ተሸፈነ። ከውጭ ይጠበቅ የነበረውን እንግዳ የኮሮና ወረርሽኝ አስቀርቶታል። ሌላው ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ በግብጽ ሉክሶር ከ6 ደቂቃ በላይ ያጨልማል፤ ኢትዮጵያ ግን የሚደርሳት ከቀትር በኋላ በከፊል ነው፣ ያውም የወሎ ደመና በሚከብድበት ወር።